የቫኪዩም ሰብሳቢዎች ጉባኤ ሄጄ መጣሁ (የደሴ ሰዎች እንዳትስቁ)

ጦሳ ሥር

ሰላም ወገኖች። ቡና ጀባ ብያለሁ። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ስኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሙጋድ ነው ያደግኩት። አሁን ኦሃዮ እኖራለሁ። ማታ ማታ የቢሮ ሕንፃ አጸዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ስድሳን የተሻገረ ሰውዬ አለ፤ ዝምተኛ ነው። ባለፈው ዓርብ ግን ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ "ነገ ሥራ የለህም አይደል? ና አንድ ነገር ላሳይህ" አለኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን አንድ ሆቴል አዳራሽ ደረስን። የቫኪዩም ክሊነር (የአቧራ መጣጭ ማሽን) ሰብሳቢዎች ጉባኤ።

በትክክል አንብባችኋል። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው እንዳለ ሁሉ አሮጌ ቫኪዩም የሚሰበስብም አለ። አንዳንዱ ቤቱ ውስጥ መቶና ሁለት መቶ አለው።

በሩ ላይ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሰጡኝ። ከስሜ ሥር "የምትወደው ማሽን" የሚል ክፍት ቦታ አለ። ምን ልጻፍ? "መጥረጊያ" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩና ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዋለ።

ውስጥ ማሽኖቹ በየዓመታቸው ተደርድረዋል። በርሜል የሚመስል አለ። እንደ በረዶ መንሸራተቻ ከሥሩ ሁለት ብረት ያለው፣ የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው ዓይነት አለ። ኳስ የሚመስል፣ በራሱ በሚተፋው አየር ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍም አየሁ፤ የ1950ዎቹ ሁቨር ነው። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ሌሎቹ ከኋላው ማሽን ያበራሉ፣ እሱ በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አንዴ ብቻ ተሳሳተ። ሊያለቅስ ደረሰ!

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ዱቄት ደፍተው ማን በአንድ ጉዞ ጥርት አድርጎ እንደሚያነሳ ተወዳደሩ። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ገበያው ደርቷል። የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው ቱቦ፣ ብሩሽ፣ ቺንጋ ይሸጣሉ። ዋጋ አያያዛቸውን ስሰማ ሰኞ ባቲ ግመል ተራ የቆምኩ መሰለኝ። ሻጩ "አልሸጥም" ብሎ ይሄዳል፣ ገዢው ይከተለዋል። ያው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአጎቴ መስጊድ አዲስ ቫኪዩም ከዚህ ልኬ ነበር፣ ለረመዳን እንዲደርስ። አጎቴ ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ጮኸ፣ ጨሰ፣ አለቀለት። እሳቸው "አብሽር፣ ኒያህ ይበቃል" አሉኝ። እኔ ግን ያ ነገር እስካሁን ደረቴ ላይ አለ። ጉባኤው ላይ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ሁቨር ጁኒየር አየሁ። ለ240 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አሜሪካ ውስጥ አይሠራም፤ ገዢም አልነበረውም። በ40 ዶላር ወሰድኩት። ለአጎቴ ልልከው ነው። ያሁኑም ይቃጠል ይሆን? ባለሙያ ካለ ንገሩኝ።

ቦርከና

ሃሃሃ! እኛ ሰፈር የሚሰበሰበው የዕድር መዋጮ ብቻ ነው፣ እሱም በግድ።

የምሬን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለት መቶ ቫኪዩም ያለው ሰው ቤቱን የሚያጸዳው በየትኛው ነው?

ጦሳ ሥር

@ቦርከና ጠየቅኩ እኮ! አንዱ "ሚስቴ ናት የምታጸዳው፣ የእኔን እንድትነካ አልፈቅድም" አለኝ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። አስተያየቷን ብታዩት!

ሞተር ጠቃላይ

ደሴ ፒያሳ ሞተር እጠቀልላለሁ፣ ሥራውን ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ወደ ሱቄ ሲመጣ ሽታው ቀድሞ ይገባል።

የመጀመሪያው ለምን እንደተቃጠለ ግልጽ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የቫኪዩም ዲናሞ ካርቦን (መብራቱን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፍ፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለው ዓይነት ነው፤ ድግግሞሹ 50 ይሁን 60 ግድ የለውም፣ ቮልቱ ግን እጥፍ ሊሆን ሲደርስ አይችለውም። ፍጥነቱ ከልክ ያልፋል፣ ጥቅልሉ ይግላል፣ ቫርኒሹ ይነዳል። ደቂቃም አይሞላም። ትራንስፎርመር ይደረግለት ቢባል ደግሞ ትንሿ የሬድዮ ትራንስፎርመር አትበቃም። የዛሬ ቫኪዩም እስከ 1,400 ዋት ይበላል፤ ለእሱ የ2,000 ዋት ያስፈልገዋል። እሱን ለመሸከም ራሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

የእንግሊዙ ግን ሸጋ ምርጫ ነው። ለ240 የተሠራ በ220 ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፣ አይጎዳም። ሦስት ነገር ልብ በል። ስፒናው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቆርጠህ የእኛን ክብ ስፒና ታደርግለታለህ። ገመዱ አሮጌ ከሆነ ቀለሙ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቀዩ መብራት ያለበት ነው፣ አረንጓዴው የመሬት። አሁን ያለው ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ እንዳይምታታ። ጎማው ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሙሉ ገመዱ ይቀየር። ከዚያ ቺንጋ። ቺንጋው ላስቲክ ነው፣ በዕድሜ ይላላል። ሦስት አራት ትርፍ ላክ፣ እዚህ አይገኝም።

ካርቦን አትላክ። ካርቦን እኔ ከመኪና ዲናሞ ሞርጄ እሠራለታለሁ።

ጦሳ ሥር

@ሞተር ጠቃላይ እግዜር ይስጥልኝ ባለሙያው! የወረቀት ከረጢቱስ? ይሄ ማሽን ውስጡ የሚጣል ከረጢት አለው፣ ደሴ የት ይገኛል?

ሞተር ጠቃላይ

አቡጀዲ ገዝተው ያሰፉ። ይሞላል፣ ይራገፋል፣ ይታጠባል። ብቻ ደንብ አድርጎ የተጠቀጠቀ ስፌት ይሁን፣ አለዚያ አቧራው በጀርባ ይወጣል።

የሐይቅ ልጅ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም።

ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መጅሊሱ (የእንግዳ መቀበያው) ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስጋጃ ነው። ቤቱ ሦስት ፎቅ፣ ማሽኑ አንድ። በየቀኑ ደረጃ ለደረጃ ተሸክሜው እወጣለሁ። ጎማው የሚንከባለለው በሜዳ ነው፣ ደረጃ ላይ እኔ ነኝ ጎማው። እናንተ ቫኪዩም ትሰበስባላችሁ፤ እኔ የሰበሰብኩት የወገብ ሕመም ነው። አሁንም ጎንበስ ስል ያስታውሰኛል።

ያ ልጅ በድምፅ ለየ ብለህ ተደነቅህ። እኔም እለያለሁ። ከረጢቱ ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል። ካልሲ ሲገባበት ይጮኻል። ካርቦኑ ሊያልቅ ሲል ይነጫነጫል። ማንም አላጨበጨበልኝም።

ደግሞ አንድ ልንገራችሁ። ማዳም ታች ሆና ድምፁን ነበር የምትከታተለው። ድምፁ ሲቋረጥ "ያ ቢንት!" (አንቺ ልጅ!) ትላለች። ስለዚህ ሲደክመኝ ማሽኑን አብርቼ አጠገቡ ቁጭ እል ነበር። ድምፁ ካለ ሥራ አለ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። በቀን የማርፈው ያችን ነበረች። በረመዳን እንኳ።

ቦርከና

እህቴ፣ ያ አሥራ አምስት ደቂቃ ሀላል ነው ወላሂ።

ጦሳ ሥር

@የሐይቅ ልጅ እህቴ፣ ደስ ብሎኝ ስጽፍ ይሄን አላሰብኩም፤ ይቅር በይኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለራሴም የደረሰኝ እዚያው ነው።

ባልደረባዬ ወደ ጉባኤው የሚሄደው ለማሽኑ ብሎ ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ታሪኩን ሲነግረኝ ነበር። የመጀመሪያው በሞተር የሚሠራ አቧራ መጣጭ ለሀብታም ቤት የተሠራ ነው። ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል የለንደን መሐንዲስ በ1901 ሠራው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ በፊት ቡዝ ያየው ማሽን አቧራውን እፍ እያለ የሚበትን ነበር። ቡዝ "እፍ ከምንለው ለምን አንምገውም?" አለ። ለመሞከር ምግብ ቤት ውስጥ መሀረቡን ወንበር ላይ አንጥፎ በአፉ ማገ። ሳል ሊገድለው! መሀረቡ ግን ጠቁሮ ተነሳ። ከዚያ የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ያህላል፣ በቤንዚን ይሠራል። ደጅ ቆሞ ረጅም ቱቦ በመስኮት ያስገባሉ። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲጭን የዌስትሚኒስተር አቢን ምንጣፍ ያጸዳው እሱ ነው።

ቤት ውስጥ በእጅ የሚገፋውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ካንተን፣ ኦሃዮ ውስጥ የሠራው ግን መሐንዲስ አይደለም። ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር ይባላል። ሱቅ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ አቧራው ደረቱን ያፍነዋል። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እጀታ እና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ሠራው። በ1908 የፈጠራ መብት አገኘ። ገንዘብ ስላልነበረው መብቱን ለሁቨር ሸጠ። ሁቨር ያኔ የፈረስ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ የቆዳ ነጋዴ ነው። መኪና ሲበዛ ኮርቻ የሚገዛ እያነሰ ነበር፤ ይሄ ደረሰለት። ስፓንግለር በ1915 ሞተ። ማሽኑ ላይ የቀረው የሁቨር ስም ነው።

ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ያሰብኩት ስለ እሱ ነበር። እኔም ማታ ማታ አጸዳለሁ። አስም የለብኝም፣ ወገብ ግን አለኝ።

@ሞተር ጠቃላይ አቡጀዲ ስትል ሳቅኩ። የስፓንግለርም የትራስ ልብስ ነበር እኮ!

የሐይቅ ልጅ

የጽዳት ሠራተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እሺ። ለእሱ ስል ዝም ብያለሁ።

ሰኞ ገበያ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ስለገፋ ጽሑፌ ቢዘገይ አትቆጡ።

ድሮ የመስጊዱ ስጋጃ የሚጸዳው በዓመት አንዴ፣ ከረመዳን በፊት ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ይጠራል። ስጋጃውን ተሸክመን አጥር ላይ እንሰቅላለን፣ በዱላ እንደበድባለን። አቧራው ደመና ነው። የክርስቲያን ጓደኞቻችንም ይመጡ ነበር፤ ለመደብደቡ ማን ይጠላል? እኛም ለጥምቀት የእነሱን ግቢ እናጸዳ ነበር። ቤት ውስጥማ ሰሌን ነው፣ አጎዛ ነው። እሱ ማሽን አይፈልግም፣ ደጅ አውጥቶ ማራገፍ ነው።

አሁን ስጋጃው ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ይነጠፋል። ተሸክሞ ማውጣት የለም። በመጥረጊያ ሲጠረግ አቧራው ይነሳና መልሶ ይቀመጣል። ሰው ሱጁድ ሲወርድ ያስነጥሰዋል። ስለዚህ ማሽኑን መላክህ ተገቢ ነው። አጎትህንም አውቃቸው ይሆናል።

ጦሳ ሥር

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! መደብደቡን ሲያነሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ የገዛሁት ማሽን ከሥሩ የሚሽከረከር ዘንግ አለው፤ ምንጣፉን መታ መታ እያደረገ አቧራውን ያራግፋል፣ ከዚያ ይመጥጣል። ሁቨር ይሄን ዘንግ ያወጣው በ1926 ነው። ሰብሳቢዎቹ እንደ ትልቅ ግኝት ነው የሚያወሩለት። ለካ እናንተ አጥር ላይ ጨርሳችሁታል።

ፊዚክስ ኮምቦልቻ

መምህር ነኝ፣ ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ማስተማር አልተውም።

"ይመጥጣል" የምትሉት አየሩን ማሽኑ ስቦት አይደለም። ማራገቢያው ውስጥ ያለውን አየር ወደ ውጭ ይወረውራል። ውስጡ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ የውጭው አየር ራሱ ገፍቶ ይገባል፣ አቧራውን ይዞ። ሥራውን የሚሠራው ከላያችን ያለው አየር ነው።

አሁን ልብ በሉ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፣ አየሩም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ማሽን ደሴ ላይ ጉልበቱ ከጅዳው ሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትሻላለች። ባቲ ከዚያም ትሻላለች።

ባጭሩ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ የሚደክመው አይሱዙ ብቻ አይደለም። ቫኪዩምም ይደክመዋል።

ቦርከና

ኮምቦልቻ ደሴን በአንድ ነገር በለጠች! ይሄን በትልቁ ጽፈን ከተማው መግቢያ ላይ እንስቀለው።

ሞተር ጠቃላይ

@ፊዚክስ ኮምቦልቻ መምህር፣ ይሄን ነገር በእጄ አውቀው ነበር፣ ምክንያቱን አላውቅም ነበር እንጂ። እዚህ ዲናሞ ቶሎ ይግላል። የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ነው ማለት ነው?

ፊዚክስ ኮምቦልቻ

በትክክል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ትንሽ ይረፍ። ከረጢቱም ግማሽ ሲሞላ ይራገፍ። አየር ማለፊያ ካጣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሁለት መከራ ነው የሚያየው።

ጎራው

እኔ ልቃወም። በሳምንት ሦስት ቀን መብራት በሚጠፋበት አገር ስለ ቫኪዩም አንድ ገጽ ሙሉ? መጥረጊያ ምን አደረገ? አያስቸግር፣ አይቃጠል፣ ቺንጋ አይል። ደግሞ 40 ዶላር ለማሽኑ፣ ለማጓጓዣው ስንት? ገንዘቡን ልከህ ሁለት ልጅ ቢቀጠርበት አይሻልም ነበር?

ሰኞ ገበያ

ልጄ ጎራው፣ እውነት አለህ። ግን ስጋጃውን በመጥረጊያ የሚጠርጉት የጦሳ ሥር አጎት ራሳቸው ቢሆኑስ? በሰባ ዓመት ደረት ያን አቧራ መሳብ ቀላል አይደለም።

ጦሳ ሥር

ጋሼ በትክክል ገመቱ። የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም።

@ጎራው የማጓጓዣው ነገር ልክ ነህ፣ ከማሽኑ በለጠ። መንገደኛ አግኝቻለሁ፣ በሻንጣ ይይዝልኛል። እጀታው ተነቅሎ ለብቻው ይገባል። የቀረው ወደ ስድስት ኪሎ ነው።

የሐይቅ ልጅ

ሞተር ጠቃላይ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ስመለስ ከጅዳ አንድ አምጥቻለሁ። ማዳም አዲስ ስትገዛ አሮጌውን "ውሰጂው" አለችኝ፣ በካርጎ ላኩት። ሁለት ዓመት ሠራ፣ ከዚያ ነጫነጨና ቆመ። አሁን ዕቃ ቤት ነው፤ ልጄ ቱቦውን መለከት አድርጋ ትጫወትበታለች። እዚያ ቤት 110 እና 220 ሁለቱም ሶኬት ነበር። የኔ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ሞተር ጠቃላይ

ሥሩን ገልብጪው። ትንሽ ብረት ወይም ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ቮልቱ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሁለት ዓመት ያለ ትራንስፎርመር ከሠራ ግን 220 መሆን አለበት። 110 ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ይሰናበትሽ ነበር። የነጫነጨው ካርቦኑ አልቆ ነው፤ ቅድም ራስሽ ተናግረሻል። ደሴ ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ለካርቦኑ አላስከፍልሽም።

የሐይቅ ልጅ

220 ይላል። ማክሰኞ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።

ጦሳ ሥር

ወገኖች፣ ጁኒየሩ ደሴ ገብቷል! ስፒናው ተቀየረ፣ አቡጀዲው ተሰፋ። አጎቴ ስልክ ደውለው ድምፁን አሰሙኝ። ያንን ልጅ አስታወስኩት፤ ቢሰማው ያውቀው ነበር። "ይሄኛው አይጮህም፣ ያንጎራጉራል" አሉኝ። ሩብ ሰዓት ሠርቶ እንደሚያርፍ ነግሬያቸዋለሁ። "እኔም እንደዚያው ነኝ" አሉ።

@የሐይቅ ልጅ የአንቺስ ምን ሆነ?

የሐይቅ ልጅ

ተሠራልኝ፤ ሰውዬው እጁ ይባረክ። ሐይቅ ስደርስ መብራት አልነበረም፣ ማታ መጣ። ሰካሁት፣ ተነሳ። ያው ድምፁ።

አብርቼው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ልጄ "እማ፣ ለምን አትጠርጊበትም?" አለችኝ።

"ቆይ" አልኳት።